ሁዳዴ ያልቀነሰው ኮሌስትሮል

የደም ቅባት መድኃኒት ሊገዛ ወደ ፋርማሲያችን የሚመጣ ሰው ጥፋቱን በቅቤና በጥሬ ሥጋ ላይ መጣል ይቀናዋል። ታይሮይድን የሚጠረጥር ደንበኛ ግን አዳማ ውስጥ ስሠራ ብዙም አልገጠመኝም።

ፋሲካ ሲቃረብ፣ ከተማው በሙቀት ሲነድ፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ አንዲት ሴት አቶርቫስታቲን የተባለው የደም ቅባት መቀነሻ ከ20 ወደ 40 ሚሊግራም ከፍ የተደረገበት ማዘዣ ይዘው መጡ። ከሹራባቸው በላይ ጋቢ ደርበዋል። ወጣቷ ባልደረባዬ መድኃኒቱን አውርዳ ሒሳብ ልትነግራቸው ስትል ወደ እኔ ዞሩ።

«ዶክተር፣» አሉኝ፤ እዚህ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። «ሁዳዴን ሳላጎድል እየጾምኩ ቅባቴ እንዴት ይጨምራል? ይኸው መድኃኒትም ጭኔን እየቆረጠመ ደረጃ መውጣት ከለከለኝ።»

የጡንቻ ሕመም እንደ አቶርቫስታቲን ያሉት የስታቲን መድኃኒቶች የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ጋቢው ነበር፤ ድምፃቸውም ጎርናና ነው።

«እትዬ፣ በዚህ ሙቀት ይበርድዎታል?»

«እስከ አጥንቴ! ልጆቼ ይስቁብኛል።»

ስጠይቃቸው ሌላውም ተከተለ፦ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ እንቅልፍ የማይሽረው ድካም፣ ምግብ ሳይጨምሩ መወፈር። ሁሉንም ዕድሜ ነው ብለው ትተውታል። እኔ ግን የታይሮይድ መድከም ምልክት መስሎኝ፣ መድኃኒቱን ከመስጠታችን በፊት ለሐኪሙ እንደውል አልኩ።

ባልደረባዬ «ሐኪም ያዘዘውን እኛ እናስቆማለን እንዴ?» ብላ ተከራከረችኝ። እናስቆም ሳይሆን እንጠይቅ አልኳትና ነገሩን አስረዳኋት። ታይሮይድ በአንገት ፊት ለፊት፣ እንቅርት በሚወጣበት ቦታ ያለ ዕጢ ነው። የሚያመነጨው ሆርሞን ሲያንስ፣ በጉበት ላይ ያሉት ኤልዲኤል የተባለውን መጥፎ ኮሌስትሮል ከደም የሚለቅሙ ተቀባዮች ቁጥራቸው ይቀንሳል። አዳማ የከባድ መኪና መተላለፊያ ናትና፣ አራጋፊ ባነሰበት መጋዘን ደጃፍ የሚሰለፉትን መኪኖች አስቢ አልኳት፤ ጭነት ባይጨምርም ሰልፉ ይረዝማል። በዚያ ላይ ሰውነታችን አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው ራሱ ስለሆነ፣ የሴትዮዋ ጾም ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ይባስ ብሎ፣ ታይሮይዱ ደክሞ ሳይታከም ስታቲን ሲወሰድ የጡንቻ ጉዳት የመድረስ ዕድሉ ከፍ ይላል። መጠኑን እጥፍ ማድረጉን የፈራሁት ለዚህ ነው።

ሐኪሙ ስደውልለት አልተቆጣም። ጭማሪውን አቆይቶ ቲኤስኤች የተባለውን የደም ምርመራ አዘዘ። ውጤቱ ከ50 በላይ ሆነ፤ የጤናማ ሰው ከፍተኛው 4 አካባቢ ነው። ቲኤስኤች ታይሮይድን «ሥራ!» እያለ የሚያዝ፣ ከአንጎል ሥር ካለ ዕጢ የሚመነጭ ሆርሞን ነው፤ ታይሮይዱ ሲለግም ትእዛዙ ይበዛል። ቁጥሩ ሲያሻቅብ ዕጢው ብዙ እየሠራ ነው ብለው የሚያስቡ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን ተጀመረላቸው። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ በተደረገው ምርመራ ግን ቁጥሩ የወረደው በጥቂቱ ብቻ ነበር። እንዴት እንደሚወስዱት ብጠይቃቸው፣ ጠዋት ከቡና ጋር፣ ለደም ማነስ ከተሰጣቸው የብረት እንክብል ጋር አንድ ላይ ይውጡታል! ሌቮታይሮክሲን ባዶ ሆድ ይፈልጋል፤ ቁርስና ቡና ቢያንስ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይጠብቁት፣ ብረትና ካልሲየም ደግሞ አራት ሰዓት ይራቁት። «የጠዋት ቡናዬን ከምታስቆየኝ መድኃኒቱ ይቅርብኝ» አሉ። ከሐኪሙ ጋር ተመካክረን፣ እራት ከተበላ ሦስት ሰዓት አልፎ በመኝታ ሰዓት እንዲወስዱት፣ ብረቱም ወደ ቀን እንዲዛወር ተስማማን።

ከዚያ በኋላ ቲኤስኤቹ ወደ ጤናማው መጠን ወረደ። 290 የነበረው ጠቅላላ ኮሌስትሮልም ስታቲኑ ሳይጨመር 210 ገባ፤ የጭናቸው ሕመም ለቀቃቸው። የደም ግፊት ስላለባቸው ሐኪሙ የ20 ሚሊግራሙን አላቆመም። እርሳቸው ግን ሊገዙ በመጡ ቁጥር «ይህንንም ደውልና አስቆምልኝ» እያሉ ይሟገቱኛል።