ብሎን ይዤ የተፈተንኩበት ቀን

ሁለት ቦታ አመለከትኩ፣ ሁለቱም ጠሩኝ። አንዱ ልብስ መሸጫ፣ ሌላው የሕንፃ መሣሪያ መደብር። ሁለቱም የትርፍ ጊዜ ሥራ ናቸው።

ልብስ ቤቱ ክፍያው ትንሽ ይሻላል። ግን "የምትገቢበትን ሰዓት በየሳምንቱ እንነግርሻለን" አሉኝ። ተማሪ ነኝ፤ ፈተና ሲደርስ ምን ሊውጠኝ ነው?

መሣሪያ መደብሩ ቃለ መጠይቁን ያደረገልኝ መደርደሪያ ሥር ቆመን ነው። ሥራ አስኪያጁ ሲቪዬን ገረፍ አድርጎ አየና አንድ ብሎን እጄ ላይ ጣል አደረገ። "ይሄን በስንት ቁጥር ቁልፍ ትፈቺዋለሽ?" የግንዱ ውፍረት 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁልፉ የሚይዘው ግን ሰፋ ያለውን ጭንቅላቱን ነው። "በ13" አልኩ። አባቴ ሲጠግን ቁልፍ አቀባይ ሆኜ ስላደግኩ ነው እንጂ ሌላ እውቀት የለኝም።

ቀጥሎ የግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ አነሳ። "የውጪው ስፋት ስንት ነው?" ግማሽ ኢንቹን ወደ ሚሊ ሜትር በልቤ አሰላሁና "12 ተኩል ገደማ" አልኩ። ሳቀ። ለካ 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው! ኢንቹ መጠሪያ እንጂ የውጪው ልክ አይደለም።

የ20 ሊትር የቀለም ባልዲ ማንሳትም አለበት። ብቻዬን እንደማላነሳ አስቀድሜ ተነጋገርኩ። ሰዓቱ ግን ቋሚ ነው፤ እሺ አልኩ። ቅዳሜ እጀምራለሁ፣ ጫፉ ብረት ያለው ጫማ እየፈለግኩ ነው።