የሰርግ እንግዶቻችሁን አርብ ጠዋት እንጦጦ አውጧቸው

ለሰርግ ከጎጃም፣ ከድሬዳዋ፣ ከሐዋሳ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ አዲስ አበባ ገብቶ የሚያየው ብዙ ጊዜ ምንድን ነው? ያረፈበትን ሳሎን፣ የሰርጉን አዳራሽ፣ የመልሱን ድንኳን። ከዚያ ቦርሳውን ይዞ መናኸሪያ። ይሄ ነገር በጣም ይቆጨኛል። ሰው ሥራውን ትቶ፣ ብሩን አውጥቶ፣ ለእናንተ ደስታ ብሎ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ከተማዋን ሳያይ መመለስ የለበትም።

ብዙም አይጠይቅም። ግማሽ ቀን ይበቃል። ዋናው ነገር ከተማውን ሁሉ ላዳርስ አለማለት ነው። አንድ መንገድ ያዙና ከላይ ወደ ታች ውረዱ፤ ከእንጦጦ ጀምራችሁ በሽሮ ሜዳ፣ በስድስት ኪሎና በአምስት ኪሎ አድርጋችሁ አራት ኪሎ ላይ ጨርሱ። ሁሉም አንድ መስመር ላይ ነው። መርካቶንም ቦሌንም ልጨምር ያለ ሰው ቀኑን መኪና ውስጥ ይጨርሰዋል።

ቀኑ ከሰርጉ በፊት ይሁን። ብዙ ቤተሰብ "ሰርጉ ይለፍና" ይላል። ሰርጉ ሲያልፍ ግን መልስ አለ፣ ድካም አለ፣ ትኬት የቆረጠም አለ። ሰርጉ እሁድ ከሆነ አርብ ጠዋት ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ቅዳሜ ቤቱ በሽንኩርትና በድስት ስለሚታመስ መኪናም የሚላክ ሰውም አይገኝም። አርብ ጾም መሆኑን አስባችሁ ምሳውን የጾም አድርጉት። አንድ ሃይሩፍ ኮንትራት ያዙ። ሙሽሮቹንና ሚዜዎቹን ተዋቸው፣ እነሱ የራሳቸው ሩጫ አለባቸው። ከተማውን የሚያውቅ አንድ የአጎት ወይም የአክስት ልጅ ይምራ።

እንጦጦ ላይ በጠዋት ውጡ። ከፍታው ወደ 3,200 ሜትር ስለሚጠጋ ከቆላ የመጣ ሰው ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ትልልቆቹን አታስሩጧቸው፣ ጋቢም ይዛችሁ ሂዱ። ፓርኩ የተከፈተው በ2013 ዓ.ም. ነው፣ ልጆች ካሉ ከዚያ መውጣት አይፈልጉም። እኔ ግን መጀመሪያ እንጦጦ ማርያምን ባይ ነኝ። ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው፣ በ1882 ዓ.ም.። አጠገቡ ያለው ቤተ መንግሥታቸው በጭቃና በእንጨት የተሠራ፣ ነጭ የተቀባ ቤት ነው። ከገጠር የመጡ አዛውንት ገብተው ግድግዳውን በእጃቸው ሲዳስሱ፣ ቀና ብለው የጣሪያውን እንጨት አያያዝ ሲያዩ ቁሙና ስሟቸው። እንዲህ ያለ ቤት የሠሩ ሰዎች ስለሆኑ ከአስጎብኚ የማትሰሙትን ይነግሯችኋል። ከዚያ ወደ ከተማዋ አሳዩአቸው። እቴጌ ጣይቱ ከዚህ ብርድ ወደ ፍልውሃ ወርደው አዲስ አበባን ሲመሠርቱ የመጡበትን አቅጣጫ ከዚያ ላይ ሆኖ መገመት ቀላል ነው።

ሽሮ ሜዳ ደግሞ አርብን የመረጥኩበት ዋናው ምክንያት ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሀበሻ ልብስ ሱቅ ብቻ ነው። ለሰርጉ ቀሚስ ያልያዘች አክስት፣ ከውጭ መጥታ የምትለብሰው የጠፋባት የአጎት ልጅ፣ ነጠላዋን አውቶቡስ ላይ የረሳች፣ ሁሉም እዚህ ይፈታል። አርብ ከተገዛ ማሳጠርም ማጥበብም ይደርሳል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሰፊውን መለመን ነው። ጥለቱን ወደ ብርሃን አውጥታችሁ እዩት። በእጅ የተሸመነ ከሆነ ጠርዙ ላይ ጥቃቅን አለመስተካከል ይታያል፣ ክሩም ሲነካ ለስለስ ይላል። የማሽኑ አንድ ወጥ ነው። በዋጋ ተከራከሩ፣ ግን ሸማኔው ስንት ቀን እንደተቀመጠበት እያሰባችሁ። ወንዶቹ እዚህ መቆም ይሰለቻቸዋል። ቡና ይጠጡ።

ስድስት ኪሎ ሲደርሱ መጀመሪያ አደባባዩ ላይ የየካቲት 12 ሐውልት አለ። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ለጨፈጨፏቸው የከተማዋ ነዋሪዎች የቆመ ነው። ሳትነግሯቸው አትለፉ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ግቡ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለው በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። የጃንሆይና የእቴጌ መነን መኝታ ቤት እንዳለ ይታያል። ሌላው ክፍል የኢትዮጵያ ሕዝቦችን ኑሮ ከልደት እስከ ሞት በየተራ ያሳያል፤ ከየአቅጣጫው የመጣ ዘመድ የየአገሩን ዕቃ እየጠቆመ "ይሄማ የእኛ ነው" ሲባባል ጉብኝቱን ራሱ ይመራዋል።

ደጁ ላይ ያለውን ደረጃም እንዳትዘነጉት። ወደ ሰማይ ወጥቶ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ ነው። ጣሊያኖች ያቆሙት ሲሆን እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒን የሥልጣን ዘመን አንድ ዓመት ይቆጥር ነበር። እነሱ ከተባረሩ በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። የቤተሰብ ፎቶ የምታነሱ ከሆነ እዚህ አንሱ፣ ታሪኩን ከነገራችሁ በኋላ።

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ጊዜ ካጠረ ምድር ቤቱ ብቻ ይበቃል፣ ድንቅነሽ እዚያ ናት። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች። ለእይታ የሚቀርበው ቅጂዋ እንደሆነ ቀድማችሁ ንገሩ።

አራት ኪሎ ላይ የድል ሐውልቱን በመኪና እለፉት። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተመለሱበት መታሰቢያ ነው፣ ጣሊያን ከተማዋን ከያዘ ልክ አምስት ዓመት። መጨረሻው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ይሁን። ጃንሆይና እቴጌ መነን ያረፉት ውስጥ ነው፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንና ሲልቪያ ፓንክረስት አሉ። እናቶቹ ተሳልመው ትንሽ ይቀመጡ፣ አታጣድፏቸው። ለብዙዎቹ የቀኑ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ሰርጉ ጥር ላይ ከሆነ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከጥር 10 እስከ 12 ጃንሜዳ አካባቢ መንገድ ስለሚዘጋጋ ይሄን መስመር አትሞክሩት። ያኔ እንግዶቻችሁን በእግር ከተራ አውጧቸው፣ ታቦታቱ ሲወርዱ ከማየት የሚበልጥ ጉብኝት የለም።

የመነሻ ሰዓቱን ከሐሙስ በፊት በቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ላኩት። ጠዋት 2 ሰዓት ካላችሁ 2 ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው ይንቀሳቀስ፤ የዘገየ ሽሮ ሜዳ ላይ ይቀላቀላል።