ጥንቸል መተማ ስትወርድ

ጎንደር ላይ ጥንቸል ማርባት ከባድ አይደለም። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ወይና ደጋ ስለሆነ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ካልሆኑ በቀር ሙቀቱ እምብዛም አያስጨንቃትም። ጣጣው ያችኑ ጥንቸል ይዞ መተማ መውረድ ሲታሰብ ነው። እዚያ ሚያዝያ ላይ ቀኑ 40 ዲግሪን ይሻገራል። "ጥላና ውኃ ካገኘች ትለምደዋለች" ይባላል። መልመዱን ትለምዳለች፤ ዋናው ልማድ ግን ውስጧ የሚነደውን እሳት መቀነስ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ሳምንታት ያስፈልጓታል።

ትንሽ እንስሳ ከሙቀት ጋር ሲታገል በሁለት በኩል ይጎዳል። ቆዳው ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ነው፤ አየሩ ከገላው ከሞቀ ግለቱ ቶሎ ዘልቆ ይገባዋል። ውኃ በማትነን እንዳይገላገል ደግሞ የሚያተነው የለውም። 1 ግራም ውኃ ሲተን 2.4 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ነገር ግን 30 ግራም የምትመዝን አይጥ 3 ግራም ውኃ ካተነነች የክብደቷ አንድ አሥረኛ ሄደ። ፈረስ በላብ ይወጣዋል፣ አይጥ ብትሞክረው ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ትደርቃለች።

ስለዚህ የሚሻለው ከምድጃው እንጨት ማውጣት ነው። ሙቀቱ ሲሰነብት የእሳቱን መጠን የሚያዝዘው የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሆርሞን ይቀንሳል፣ ሜታቦሊዝም፣ ማለትም ሰውነት ምግብን ወደ ጉልበትና ሙቀት የሚለውጥበት ፍጥነት፣ ይወርዳል፤ በብርድ ጊዜ ሙቀት ለማመንጨት ብቻ የሚነደው ቡናማ ስብም ሥራ ይፈታል። መኖ መፍጨት ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ የምግብ ፍላጎትም አብሮ ይቀንሳል። "ጥንቸሏ መኖ ቀነሰች" የሚባለው ስሞታ በቆላ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ጨርሶ መብላት ካቆመች ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ቀን ሳትበላ ከዋለች አንጀቷ መንቀሳቀስ ሊያቆም ይችላል።

በተፈጥሮው እንዲህ የተሠራ እንስሳ የሚፈልግ የስሜንን ሽኮኮ ይይ። ጠዋት ጠዋት ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቀው ሰንፎ አይደለም። እሱን ከሚያህል ሌላ አጥቢ ያነሰ ነዳጅ ነው የሚያቃጥለው፤ ሌሊት የቀዘቀዘ ገላውን ከፀሐይ በተበደረው ያሞቃል፣ ቀትር ሲሆን የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። የገላው ሙቀትም እንደ እኛ 37 ላይ ተቸንክሮ አይቀመጥም።

ጥንቸል ይህ የላትም፤ ያላት ጆሮ ነው። ሲሞቃት የጆሮዋ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ቆዳው ይቀላል፣ ሲነኩት ይፋጃል። ጆሮ የሚሠራው ግን አየሩ ከደሟ ሲቀዘቅዝ ነው። ጤነኛ ጥንቸል ከ38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ ትሞቃለች፤ አየሩ 40 ሲገባ ያ ሰፊ ጆሮ ሙቀት ማስገባት ይጀምራል።

እንግዲህ መውረጃው ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ይሁን፣ ከመጋቢት በፊት ሰውነቷ እንዲለምድ። ጉዞው ሌሊት። ከ3 እስከ 4 ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል የተዘጋጀ መኖዋን፣ 120 ግራም ያህል፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ታግኝ፤ ጠዋት ከበላች የመፍጨቱ ሙቀት ከቀትሩ ጋር ይገጥማል። ሣር ግን ሁልጊዜ ይኑራት። ውኃ 1 ሊትር ይቅረብላት፣ ቀትር ላይም ይቀየር፤ የሞቀ ውኃ ትታ ትጠማለች። የቆርቆሮ ጣሪያ በሣር ይከደን። በነፋሱ በኩል የተነከረ ጆንያ መስቀል በበጋ ይረዳል፤ ክረምት ገብቶ አየሩ እርጥበት ሲጠግብ ግን ጆንያው ስለማይደርቅ ጥቅሙ ያንሳል።

አፏን ከፍታ ካለከለከች ወይም አፍንጫዋ ከራሰ፣ ጥላ ውስጥ አድርጎ ጆሮዋን በቀዝቃዛ ውኃ ማራስ ነው። በረዶ አይሆንም፤ የደም ሥሮቹን ያጠብብና ሙቀቱን ውስጥ ያስቀረዋል። በረዶ የሠራ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገቧ ማጋደም ግን ጥሩ ነው፣ ራሷ ትጠጋዋለች።

በወንዱ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ሙቀቱ ለቀናት ከ30 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ዘሩ ይበላሻል፣ ጤነኛ ዘር እስኪተካ 2 ወር ገደማ ይፈጃል። ግንቦት ላይ አስጠቅቶ ሴቷ ስላልያዘች "መካን ነው" ብሎ ማረድ ኪሳራ ነው፤ ቀዝቀዝ ካለ 2 ወር በኋላ ይሞከር።