ቼሪ-ፒክ የተደረገ ኮሚት መርጅ ሲመጣ ለምን ያስቸግራል?

ጊት (የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ ከዴቭ ብራንች (ከዋናው ጎን ለጎን ከሚሠራበት የኮድ መስመር) አንድ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ብቻ መርጣችሁ ወደ ዋናው ብራንች፣ ወደ ሜይን፣ በቼሪ-ፒክ ስትወስዱ ኮሚቱ ራሱ አይሄድም። ጊት ኮሚቱን ከወላጁ (ከሱ በፊት ካለው ኮሚት) ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን ያወጣል፣ ልዩነቱን ሜይን ላይ ያሳርፋል፣ ከዚያ አዲስ ኮሚት ይፈጥራል። የጸሐፊው ስም፣ የተጻፈበት ቀንና መልእክቱ አይለወጡም፤ ሃሹ (የኮሚቱ መለያ) ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ኮሚቶች በታሪክ አይዛመዱም። ለዚህ ነው በዋናው ሃሽ «ጊት ብራንች --ኮንቴይንስ» ብላችሁ ኮሚቱ የትኞቹ ብራንቾች ላይ እንዳለ ስትጠይቁ ሜይን ከዝርዝሩ የሚጠፋው።

ጣጣው ግን በኋላ ዴቭን በሙሉ ወደ ሜይን መርጅ ስታደርጉ፣ ማለትም ስታዋህዱ ነው። መርጅ ይዘት ሲያነጻጽር የሚያየው ሦስት ነጥብ ብቻ ነው፦ የሁለቱን ብራንች ጫፍና የጋራ መነሻቸውን፣ ማለትም መርጅ ቤዙን። መሃል ላይ ምን ከየት እንደተቀዳ ግድ አይሰጠውም።

አንድ የኮንፊግ (የቅንብር ፋይል) መስመር እንውሰድ። መነሻው ላይ ታይምአውት 30 ነው። ዴቭ ላይ 60 ተደረገ፣ ያው ኮሚት በቼሪ-ፒክ ወደ ሜይን ገባ። ከዚያ ዴቭ ላይ 90 ሆነ እንበል። መርጅ ሲደረግ መነሻው 30፣ ሜይን 60፣ ዴቭ 90፤ ኮንፍሊክት፣ ማለትም ጊት የቱን እንደሚይዝ መወሰን አቅቶት ለእናንተ ይተወዋል። ይሄ ቢያንስ ጮሆ ይናገራል። የባሰው ዴቭ ላይ ለውጡ ሪቨርት ተደርጎ ወደ 30 ሲመለስ ነው፦ መነሻው 30፣ ዴቭ 30፣ ሜይን 60። ጊት «ዴቭ ምንም አልነካም» ብሎ 60ን በዝምታ ያስቀራል። የተጣለው ለውጥ ፕሮዳክሽን (ተጠቃሚዎች ዘንድ የሚሠራው ስሪት) ላይ ቀረ ማለት ነው።

ሁለቱ ብራንቾች ወደፊት መገናኘታቸው ካልቀረ የተሻለው መንገድ ይሄ ነው፦ «ጊት መርጅ-ቤዝ ሜይን ዴቭ» የሚሰጣችሁን ኮሚት ይዛችሁ አዲስ ብራንች ክፈቱ፣ ማስተካከያውን እዚያ ኮሚት አድርጉ፣ ብራንቹን ለሁለቱም መርጅ አድርጉ። ያን ጊዜ የጋራ መነሻው 60 ያለበት ኮሚት ይሆናል፤ ዴቭ 90 ቢያደርገው 90፣ 30 ቢያደርገው 30 ያለ ጭቅጭቅ ይገባል። ቼሪ-ፒክን ተመልሶ ለማይዋሃድ ብራንች፣ ለምሳሌ ጥገና ብቻ ለሚደረግለት የድሮ ሪሊዝ፣ እንደልብ ብትጠቀሙበት ግድ የለም።

ቼሪ-ፒክ ስታደርጉ «-ኤክስ» ጨምሩበት፤ መልእክቱ ግርጌ ላይ የዋናውን ሃሽ ይጽፍላችኋል። ብዙ ኮሚት ከሆነ ከቆየው ጀምሩ። «ሀ..ለ» ብላችሁ ስትሰጡት ሀ ራሱ አይካተትም፤ እንዲካተት «ሀ^..ለ» በሉት (ይህቺ ስንቱን ሰው አስቸግራለች!)። ከአንድ በላይ ወላጅ ያለው የመርጅ ኮሚት ከሆነ ጊት ከየትኛው ወላጅ ጋር እንደሚያነጻጽር ስለማያውቅ እምቢ ይላል፤ «-ኤም 1» ስትሉት የመጀመሪያውን ወላጅ ይይዛል። ኮንፍሊክት ከመጣ ፋይሉን አስተካክላችሁ «ጊት አድ»፣ ቀጥሎ «ጊት ቼሪ-ፒክ --ኮንቲኒው»፤ ሐሳብ ከቀየራችሁ «--አቦርት»። ለውጡ ቀድሞ ገብቶ ኮሚቱ ባዶ ከሆነ «--ስኪፕ»።

ያለ ኮንፍሊክት ገባ ማለት ግን ይሠራል ማለት አይደለም። ኮሚቱ የሚጠራው ፈንክሽን የተጻፈው እናንተ ባልወሰዳችሁት ሌላ ኮሚት ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ጊት ጽሑፍ እንጂ ትርጉም አያይም። ስለዚህ ፑሽ ከማድረጋችሁ (ለውጡን ወደ ጋራው ማከማቻ ከመላካችሁ) በፊት ቢልድና ቴስት አስኪዱ።

የቱ እንደተወሰደና የቱ እንደቀረ ለማየት «ጊት ቼሪ -ቪ ሜይን ዴቭ» አለ። የመቀነስ ምልክት ያለው ኮሚት ተመሳሳዩ ሜይን ላይ አለ፣ የመደመር ምልክት ያለው የለም። ኮንፍሊክት ስትፈቱ ለውጡን ከነካካችሁት ግን የተወሰደውንም በመደመር ምልክት ሊያሳየው ይችላል።