ጸጥ ብለው የተኙት አባት

በማገገሚያ ክፍላችን የነበረው ኦክሲሜትር፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ከጣት ላይ የሚለካው መሣሪያ፣ አንድ ብቻ ነው፤ ከአልጋ አልጋ ይዞራል። በዚያ ከሰዓት በኋላ ሲስተር ከአንድ ታካሚ ጣት ነቅላ፣ ለአንጀት መጠምዘዝ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ወደወጡት አዛውንት ስትወስደው፣ ማደንዘዣ የሰጣቸው ወጣት ባልደረባዬ «አባባን አትቀስቅሺያቸው፤ ኦክስጅን ቢያጥራቸው ኖሮ ይንፈራገጡ ነበር» አላት። እውነትም ሰላማዊ እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስሉ ነበር። መለኪያው ግን 79 ከመቶ አሳየ።

ሲስተር አልተከራከረችም። አገጫቸውን ቀና አድርጋ የኦክስጅን ጭምብል አጠለቀችላቸው። እኔም ደርሼ «አባባ፣ ራስዎን ከትራሱ ቀና ያድርጉ» ብላቸው አቃታቸው። ጡንቻ የሚያላላው ቬኩሮኒየም ገና አልለቀቃቸውም። ቀዶ ሕክምናው ከታሰበው ቀድሞ ነበር ያለቀው፤ ማርከሻው ኒዮስቲግሚንም የተሰጣቸው በግማሽ መጠን ነበር። ቀሪውን ከአትሮፒን ጋር ጨመርንላቸውና ቀስ በቀስ ተሻላቸው።

ማታ ወጣቱ ባልደረባዬ «ታዲያ ለምን አልታገሉም?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ያለው ግን ሳንባ ውስጥ ሳይሆን አንገት ላይ ነው።

የአንገት ደም ቅዳ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ በግራም በቀኝም፣ ካሮቲድ ቦዲ የሚባል 5 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ አካል አለ። ቤልጂጋዊው ኮርኔይ ሄይማንስ እ.ኤ.አ. የ1938ን የኖቤል ሽልማት ያገኘው ይህ አካባቢ አተነፋፈስን እንዴት እንደሚቆጣጠር በማሳየቱ ነው። በደም ውስጥ ኦክስጅን ሲወርድ በሕዋሶቹ ላይ ያሉ የፖታሲየም መተላለፊያዎች ይዘጋሉ፤ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሕዋሶቹም አሴቲልኮሊንና ኤቲፒ የተባሉ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካሎችን ይለቃሉ። በነርቩ ጫፍ ያሉት ተቀባዮች እነዚህን ሲያገኙ መልእክቱ በዘጠነኛው የራስ ነርቭ ወደ አንጎል ግንድ ይሄዳል፤ ትንፋሽም ይፈጥናል።

ቬኩሮኒየም ሥራው የአሴቲልኮሊንን ተቀባይ መዝጋት ነው። እኛ የምንፈልገው የጡንቻውን ነበር፤ እሱ ግን የካሮቲድ ቦዲውንም ይነካል። ሌባው በሩን ከመስበሩ በፊት ውሻውን አስተኝቶታል ማለት ነው። በትንፋሽ የሚሰጠው ማደንዘዣ ሃሎቴን ደግሞ ሰው ከነቃ በኋላ በሚተርፈው ጥቂት መጠን እንኳ ይህንኑ ምላሽ ክፉኛ ያዳክማል። አባባ ሁለቱንም ወስደዋል። በዚያ ላይ የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ያነሰ ስለሆነ፣ ጭምብሉ ከወለቀ በኋላ የሚተርፈን ጊዜ አጭር ነው።

ባልደረባዬ «እንግዲያው ራሳቸውን 5 ሰከንድ ቀና ካደረጉ ይበቃል» አለ። አይበቃም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስዊድናውያን ተመራማሪዎች በበጎ ፈቃደኞች ላይ ቬኩሮኒየምን ሲሞክሩ፣ ለኦክስጅን እጥረት የሚሰጠው ምላሽ በ30 ከመቶ ገደማ የቀነሰው ነርቩን አራት ጊዜ ቀስቅሶ አራተኛውን የጡንቻ ምት ከመጀመሪያው ጋር በሚያነጻጽረው የአራት ምት መለኪያ የጡንቻው ጉልበት 0.7 ላይ ሳለ ነው። በዚያ ደረጃ ራሱን ቀና የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ያ መለኪያ የለም። ስለዚህ አሁን ቬኩሮኒየም የወሰደ ታካሚ ጭምብሉ ቶሎ አይወልቅለትም፤ ኦክሲሜትሩም መዞሩን ትቶ እሱ ጣት ላይ ይቆያል። ሌሎቹን ሲስተር በዓይኗ ትጠብቃለች፤ ሁለተኛ ኦክሲሜትር ከጠየቅን ግን ቆይተናል።