ልምምዱ ሲያመሽ

ትናንት ማታ የእህቴን ልጅ ከቲያትር ልምምድ ልወስዳት ትምህርት ቤቷ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሁለት ሰዓት አልፏል። መብራት የለም። ዝናቡም፣ ጅማ ነውና፣ አላሳፈረንም።

አጠገቤ አንዲት እናት መምህሩን ይዛዋለች። "ትሥራ፣ ማን ከለከላት? ግን በዚህ ጨለማ ማን ያደርሳታል?" እሱም ምስኪን ነው። ትምህርቱ በፈረቃ ስለሆነ የከሰዓቶቹ ሳይወጡ ባዶ ክፍል አይገኝም። እኛ ጋ ደግሞ ክረምት ከበጋ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ይጨልማል። ልምምዱ የሚጀመረው መሽቶ ነው ማለት ነው።

እኔ ግን ዓይኔ መዳፏ ላይ ቀረ። የባጃጅ የጎን ቁጥር በእስክሪብቶ ጽፋበታለች። የቅርቡ ደምቋል፤ ከሥሩ የቀደመው ደብዝዞ ይታያል። እሷ መምጣት ካልቻለች ልጅቷ ባጃጅ ውስጥ ሆና በስልክ ቁጥሩን ትነግራታለች። እናት ትጽፋለች። ልጅ ቤት እስክትገባም እጇን አትታጠብም።

ወላጅ ቲያትር አይወድም ሲባል እሰማለሁ። እኔ አልዋጥልህ ብሎኛል። ይቺው ሴት ልጆቹ በስልክ ባትሪ ሲለማመዱ በመስኮት አይታ፣ ልጇ የረሳችውን ቃለ ተውኔት ከውጭ ሆና ጮክ ብላ አስታወሰቻት! (መምህሩ እንኳን ሳቀ።)

መምህሩ "ቅዳሜ ጠዋት እናደርገው ይሆናል" ብሏል። እስከዚያው ተዋጥተን አንድ የምናውቀውን ባጃጅ በኮንትራት ብንይዝስ? በሄርማታ በኩል የምትሄዱ ወላጆች ኢንቦክስ አድርጉልኝ።