ጉልበታችሁን በዲሴምበር አታስቀይሩ

ቀዶ ሕክምናው ራሱ ብዙ ወሬ የለውም። ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ሆስፒታል ዲሴምበር ላይ ገባሁ፣ ቀኝ ጉልበቴ በብረትና በፕላስቲክ ተተካ፣ በማግስቱ በዎከር ወደ ቤት። ሐኪሙን እጁን ይባርከው።

ያቃጠለኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቀጠሮ የያዘችልኝ ሴትዮ "ዓመቱ ሳያልቅ ተሠራ፤ ዲዳክቲብልህን ጨርሰሃል" አለችኝ። ዲዳክቲብል ማለት ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በየዓመቱ ከኪስ የሚከፈለው ገንዘብ ነው። የሀበሻ ምክርም ይኸው ነው። ስሌቱ ለቀዶ ሕክምናው ይሠራል። ጉልበት ግን ተቀዶ አያልቅም። ዋናው ሥራ ፊዚዮቴራፒው ነው፣ እሱ ደግሞ ወራት ይፈጃል። ጃንዋሪ 1 ዲዳክቲብሉ ከዜሮ ጀመረ። ትንሽ ድርሻ ከፍዬ የምገባበት ቴራፒ ሙሉ ዋጋው ከኪሴ ሆነ።

የፓርኪንግ ሥራዬን አቁሜ ቤት ተቀምጫለሁ። ቴራፒስቷ በሳምንት ሦስቴ ና ብትለኝም አንዴ እሄድ ጀመር። በኋላ ጭራሽ ቀረሁ። ጉልበቴ ደረቀ። ደረጃ መውረድ አቃተኝ፣ መኪና ውስጥ ስገባ እግሬን በእጄ አንስቼ ነው። በመጨረሻ ሐኪሙ በማደንዘዣ አስተኝቶ ጉልበቴን በግድ አጠፈው። ይህም ቢሆን ሦስት ወር ሳይሞላ ቢሠራ ነው የሚሻለው፤ ከዚያ በኋላ ውስጡ ያለው ጠባሳ እየጠነከረ ይሄዳል። ከቴራፒ ያተረፍኳትን ገንዘብ የዚህ ቢል ጠራርጎ በላት። ቴራፒውም እንደ አዲስ ተጀመረ።

ሂሳብ ክፍል ደጋግሜ ደወልኩ። "በየወሩ እንዲከፈል እናድርግልህ?" ከማለት በቀር ምንም የለም። ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆስፒታል አቅም ለሌለው የሚቀንስበት ደንብ እንዲኖረው በ2010 በወጣው የኦባማ የጤና ሕግ ግዴታ አለበት። ከወጣችሁ በኋላ ከሚደርሳችሁ የመጀመሪያ ቢል አንስቶ 240 ቀን ማመልከቻ መቀበልም አለበት። ይህን የነገረችኝ ቤተ ክርስቲያን ያገኘኋት እህት ናት። ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች ለምን ዝም እንዳሉ እስካሁን ያናድደኛል። ቅጹን ሞላሁ፤ ቴራፒውም እዚያው ሆስፒታል ስለነበር አብሮ ተቀነሰልኝ።

ስለዚህ ኢንሹራንሳችሁ ከሥራ ከሆነና ዲዳክቲብሉ ትልቅ ከሆነ፣ ሕመሙ ፋታ ከሰጣችሁ፣ በዓመቱ መጀመሪያ ተሠሩ። ቀዶ ሕክምናው ዲዳክቲብሉን ይጨርስላችኋል፣ ቴራፒው በዚያው ዓመት ይከተላል። ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ላይ ላሉ እናትና አባቶች ወሩ ብዙም ለውጥ የለውም፤ የሐኪምና የቴራፒ ክፍያን የሚሸፍነው የፓርት ቢ ዲዳክቲብል በ2025 257 ዶላር ብቻ ነበር። የእነሱ ጣጣ ተጨማሪ መድን ከሌላቸው በየቴራፒው የሚከፍሉት 20 በመቶ ነው። ገንዘብ ካጠረ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትቅሩ። ለቴራፒስቱ በግልጽ ንገሩትና የቤት ልምምድ ያውጣላችሁ፣ አልፎ አልፎ እየሄዳችሁ ይያችሁ።

ቢል ፈርተው የሐኪሙን ቀጠሮ የሚተዉም አሉ። በሜዲኬር ደንብ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት 90 ቀናት የቀዶ ሐኪሙ መደበኛ ክትትል በቀዶው ዋጋ ውስጥ ተካትቷል፤ ብዙ የግል ኢንሹራንሶችም እንደዚያው ያደርጋሉ። ኤክስሬዩ ግን ለብቻው ይመጣል፤ ዋጋውን ቀድማችሁ ጠይቁ።